ላይኛው ቤት የማን ነው? ከአጋሮ ጀበና እስከ ቴፒ ምክር ቤት

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡናችሁን አስቀርባችሁ አንብቡት፤ ጉዳዩም ከቡና አገር የመጣ ነው።

ባለፈው የቡና ለቀማ ሰሞን አጋሮ አካባቢ ነበርኩ። አንድ አዛውንት ገበሬ ቤት ጀበና ቀርቦ፣ ደጃፉ ላይ ጀንፈል ተሰጥቶ፣ ስለ ዋጋና ስለ ዝናብ እያወጋን ሳለ ድንገት አንድ ጥያቄ ጠየቅኳቸው። «አባ፣ በፌዴሬሽን ምክር ቤት እርስዎን የሚወክልዎት ሰው ማን ነው?»

ስኒያቸውን አስቀምጠው አዩኝ። «ልጄ፣ የቀበሌዬን ሊቀመንበር አውቀዋለሁ። ፓርላማ የገባውንም በምርጫ ሰሞን መጥቶ አይቼዋለሁ። ያልከውን ቤት ግን የማውቀው ኅዳር 29 ሲመጣ፣ በቴሌቪዥን ሲጨፈር ነው።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅኩ። ወደ ጅማ ስመለስ ግን መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ከነከነኝ፦ እኔስ የወካዬን ስም አውቃለሁ? አላውቅም። ጋዜጠኛ ነኝ ብዬ ነው የምኖረው። እናንተስ?

ይህ ስም ያለማወቅ የስንፍና ውጤት አይደለም፤ ታሪክ አለው። በዚህች አገር «ላይኛው ቤት» የሚባለው ምክር ቤት ከተፈጠረ ከ90 ዓመት በላይ ሆኖታል። መንግሥት ሦስት ጊዜ ተለውጧል፣ ሕገ መንግሥት በተደጋጋሚ ተጽፏል። አንድ ነገር ግን አልተለወጠም፦ ሕዝብ በቀጥታ መርጦ ወደዚያ ቤት የላከው ሰው የለም። የጅማንና የዙሪያዋን የቡና ከተሞች ታሪክ ይዘን ብንጓዝ ነገሩ ፍንትው ብሎ ይታያል።

ሕገ መንግሥቱና የጅማ መንግሥት

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የአገሪቱን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ሰጡ። ሁለት ምክር ቤት ተቋቋመ። የታችኛው «የሕግ መምሪያ ምክር ቤት»፣ የላይኛው ደግሞ «የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት» ተባለ። የሕግ መወሰኛው አባላት በመስፍንነት፣ በሚኒስትርነት፣ በዳኝነት ወይም በጦር አለቅነት ለረጅም ጊዜ ካገለገሉ መኳንንት መካከል በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ነበሩ። የመምሪያውን አባላት ደግሞ፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ ተብሎ፣ መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት እንዲመርጡ ተደነገገ።

«ሕዝቡ እስኪበቃ ድረስ» የምትለዋን ሐሳብ ያዙልኝ። በኋላ እንመለስባታለን።

በዚያው ዘመን ጅማ ምን ላይ ነበረች? ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1870ዎቹ ለምኒልክ ገብረው፣ ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን አስጠብቀው ኖረዋል። ጅሬን ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥት፣ ሜዳው ላይ የሒርማታ ገበያ፤ ነጋዴው፣ ዳኛው፣ ሸሁ ሁሉ የሚያውቀው የራሱ ሥርዓት ነበረው። ሕገ መንግሥቱ በታወጀ በዓመቱ፣ በ1924 ዓ.ም.፣ አባ ጅፋር በእርጅናቸው መጨረሻ ላይ ሳሉና ሥልጣኑ ወደ ልጅ ልጃቸው አባ ጆቢር እጅ በገባበት ሰዓት፣ ማዕከላዊው መንግሥት አባ ጆቢርን አንሥቶ ጅማን በቀጥታ ማስተዳደር ጀመረ።

ሁለቱን ክስተቶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በአንድ እጅ «ላይኛው ቤት» ተከፈተ፤ በሌላው እጅ የአንድ አካባቢ የራስ አስተዳደር ተዘጋ። አጋጣሚ አይደለም። ሁለቱም የአንድ ፖሊሲ ፊትና ጀርባ ነበሩ፤ ሥልጣንን ከየአካባቢው ሰብስቦ አዲስ አበባ ማስገባት። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ባላባቱን ከግዛቱ አንሥቶ ወንበር ላይ ማስቀመጫ ሆኖም አገልግሏል። ሹመት ይመስላል፤ ሽረትም ነበረበት።

የጭሰኛው ረቂቅ

ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ። የታችኛው ቤት በሕዝብ ምርጫ እንዲሞላ ተደረገ። በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የአገሪቱ የመጀመሪያ ምርጫ ተካሄደ። ሕዝቡ «በቃ» ማለት ነው። ለታችኛው ቤት ብቻ ግን!

ላይኛው ቤት እንደነበረው ቀረ። አባላቱን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፤ የሥራ ዘመናቸው 6 ዓመት፣ ዕድሜያቸው ከ35 ያላነሰ፣ ቁጥራቸውም ከታችኛው ቤት አባላት ግማሽ እንዳይበልጥ። በዚያ ዘመን ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። ሊሙ፣ ጎማ፣ ጌራ፣ ቦንጋ፣ ሚዛን፣ ማጂ ሁሉ ጉዳያቸውን ይዘው የሚመጡት ወደ ጅማ ነበር። ዛሬ በሁለት ክልል የተከፈለው የቡና ምድር ያኔ በአንድ እንደራሴ ሥር ነበር።

በዚህ ምድር የዘመኑ ትልቁ ጥያቄ መሬት ነበር። ቡናውን የሚኮተኩተው፣ የሚለቅመው ሰው በብዙ ቦታ የመሬቱ ባለቤት አልነበረም፤ ጭሰኛ ነበር። ከዓመት ዓመት እንዳይነቀል ዋስትና የለው፣ ለባለመሬቱ የሚያካፍለው ምርት ወሰን የለው። በንጉሡ ዘመን የመጨረሻዎቹ ዓመታት የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት ለማስተካከል የሕግ ረቂቆች በተደጋጋሚ ለፓርላማው ቀርበዋል። አንዱም ሕግ ሆኖ አልወጣም።

ለምን? ላይ የተቀመጠው ባለመሬት የተሾመ ነው። ታች የተቀመጠውም በምርጫ ይምጣ እንጂ ንብረት ያለው ሰው ነው። ጭሰኛው ሁለቱም ቤት ውስጥ አልነበረም። ረቂቁ በቢሮክራሲ ተጓተተ ብለው የሚያስረዱ አሉ፤ ልክ ነው፣ ተጓቷል። የሚያጓትተው ሰው ግን ባለጉዳይ ነበር።

ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ። ፓርላማው ሊፈታው ያልቻለውን ነገር ወታደር ፈታው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ወረዱ፣ ፓርላማው ተበተነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ምክር ቤት በጊዜው ሳይመክር ሲቀር ጉዳዩ በአዋጅና በጠመንጃ ይወሰናል። ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትልቁ ትምህርት ይኸው ነው።

ደርግ ለረጅም ጊዜ ያለ ምንም ምክር ቤት ገዛ። በ1980 ዓ.ም. ብሔራዊ ሸንጎ ሲያቋቁምም ባለ 835 ወንበር አንድ ቤት ነበር። ላይኛ የሚባል አልነበረውም። የሚያስፈልገውም አልነበረም፤ ከሸንጎው በላይ ፓርቲው ነበርና።

አዲሱ ላይኛው ቤት

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሁለት የፌዴራል ምክር ቤቶችን መለሰ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሕግ ያወጣል። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ደግሞ ሕግ አያወጣም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እንደ አሜሪካ ሴኔት ወይም እንደ እንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ይመስለዋል። የድሮው ቤት «ሕግ መወሰኛ» ነበር፤ የዛሬው ሥልጣን ሌላ ነው።

ሌላ ነው ማለት ግን ትንሽ ነው ማለት አይደለም። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ይህ ቤት ነው፤ በብዙ አገር የፍርድ ቤት ሥራ ነው። የራስን ዕድል በራስ የመወሰን ጥያቄ ላይ የሚወስነው፣ በክልሎች መካከል የሚነሣን የወሰን ክርክር የሚፈታው፣ ለክልሎች የሚሰጠው የፌዴራል ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚያጸድቀው፣ ክልል ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን አደጋ ላይ ሲጥል ጣልቃ ይገባ ብሎ የሚያዘው እሱ ነው። ከአጋሮና ከቦንጋ የወጣ ቡና ዶላር ሆኖ መሐል አገር ይገባል። ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ ተብሎ ወደ ክልሉ የሚመለሰው ገንዘብ የሚለካበትን ቁና የሚይዘው እነዚያ አዛውንት «ሲጨፈር አየዋለሁ» ያሉት ቤት ነው።

አባላቱስ እንዴት ይመጣሉ? አንቀጽ 61 እንዲህ ያዘጋጀዋል። እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ተወካይ አለው። በሕዝቡ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን አንድ ተወካይ ይጨመራል። ከጅማ ዙሪያ ብናየው፦ የየም ሕዝብ ከአንድ ሚሊዮን በእጅጉ ያነሰ ነው፤ አንድ ወንበር አለው። ከፋም በ1999ኙ ቆጠራ አንድ ሚሊዮን አልሞላም፤ ያው አንድ ነው። ኦሮሞው በዚያው ቆጠራ ከ25 ሚሊዮን በላይ ነው፤ ቀመሩ ከ20 በላይ ወንበር ይሰጠዋል።

ቀመሩ በራሱ መጥፎ አይደለም። ትንሹ እንዳይረሳ፣ ትልቁም እንዳይናቅ ለማድረግ የታሰበ ነው። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ቆጠራው። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ አልተካሄደም። በሰኔ 2011 ዓ.ም. ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው ቆጠራው እንዲራዘም ወሰኑ። የወንበሩን ቁጥር የሚወስነው ቆጠራ ነው፤ ቆጠራውን ያራዘሙት ደግሞ ወንበሩ ላይ ያሉት ናቸው። የጸጥታ ችግር እንደነበር አልክድም። ግን በቆጠራው ያልተቆጠረ ልጅ ዛሬ አድጎ ቡና ይለቅማል።

ሁለተኛ፣ መራጩ። አንቀጽ 61 ንዑስ አንቀጽ 3 አባላቱን የክልል ምክር ቤቶች ይመርጣሉ ይላል። ቀጥሎ ግን ሁለት መንገድ ይከፍታል፦ የክልል ምክር ቤቶች ራሳቸው ሊመርጡ ይችላሉ፣ ወይም በቀጥታ በሕዝብ እንዲመረጡ ሊያደርጉ ይችላሉ።

በዚህ ሁሉ ዓመት ሁለተኛውን መንገድ የሄደ ክልል የለም። የጅማ ሰው ወካይ በጨፌ ኦሮሚያ ይመረጣል፤ የቦንጋውም በክልሉ ምክር ቤት። ገዥው ፓርቲ የክልል ምክር ቤቱን ከያዘ ላይኛውንም ቤት ያዘ ማለት ነው። ብሔርን ይወክላል የተባለው ሰው በተግባር የላከውን ድርጅት ይወክላል።

ይህ ምን ያመጣል? 2012 ዓ.ም.ን አስታውሱ። በኮቪድ ምክንያት ምርጫው ሲራዘም፣ የሥራ ዘመናቸው የሚያበቃው ምክር ቤቶች ምን ይሁኑ የሚለው ጥያቄ በትርጉም ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ሄደ። ሰኔ 1 አፈ ጉባኤዋ ኬሪያ ኢብራሂም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሰኔ 3 ምክር ቤቱ የሥራ ዘመኑ እንዲራዘም ወሰነ። ውሳኔው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው፦ በአገሪቱ ታሪክ ከባድ ከሚባሉት ውሳኔዎች አንዱን ያሳለፉ ሰዎች አንዳቸውም በሕዝብ ድምፅ ወደዚያ ቤት አልገቡም፤ የሥራ ዘመናቸውን ያራዘሙላቸውም መካከል የራሳቸው መራጮች ነበሩበት።

የክልል ላይኛው ቤት

አሁን ከጅማ ወደ ደቡብ ምዕራብ እንውረድ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ በኢትዮጵያ ክልሎችም ሁለተኛ ምክር ቤት ሊኖራቸው ይችላል። ኦሮሚያ አንድ ቤት ብቻ ነው ያላት፤ ጨፌ። የቀድሞው ደቡብ ክልል ግን በ1994 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥቱ «የብሔረሰቦች ምክር ቤት» የሚባል አቋቋመ።

ለምን አስፈለገው? ችግር አስተምሮት ነው። በ1991 ዓ.ም. አካባቢ የአጎራባች ሕዝቦችን ቋንቋዎች ደባልቆ በተዘጋጀ የመማሪያ መጽሐፍ ምክንያት በወላይታ ተቃውሞ ተነሥቶ ሰው ሞቶበታል። የስልጤ ሕዝብም «እኔ ራሴን የቻልኩ ነኝ» የሚል ጥያቄውን እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት አድርሶ፣ በ1993 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ መልስ አገኘ። ከሃምሳ በላይ ብሔረሰብ የያዘ ክልል እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚያይበት፣ ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉምበት የራሱ ቤት እንደሚያስፈልገው የታየው ያኔ ነው።

ሆኖም ቤቱ መቋቋሙ ብቻውን ሰላም አላመጣም። በመጋቢት 1994 ዓ.ም. በቴፒ ከተማ፣ የሸኮና የመዠንገር ማኅበረሰብ «የት እንተዳደር፣ ማን ይወክለን» የሚል ጥያቄ ደም አፋሰሰ። ቴፒ የቡና ከተማ ናት፤ ዙሪያዋ በሰፊ የቡና ልማት የተከበበ ነው። ለቡናው ገበያ ነበረው። ለጥያቄው ግን ሰሚ ቤት በጊዜው አልተገኘለትም።

መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ከፋ፣ ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ዳውሮ፣ ምዕራብ ኦሞና ኮንታ በሕዝበ ውሳኔ አዲስ ክልል እንዲሆኑ ድምፅ ሰጡ። ኅዳር 14 የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ። አዲሱ ክልል ሥልጣኑን በአንድ ከተማ አላከማቸም፤ አስተዳደሩ ቦንጋ፣ የክልሉ ምክር ቤት ተርጫ፣ ዳኝነቱ ሚዛን አማን ሆነ። የብሔረሰቦች ምክር ቤቱስ? ቴፒ።

ይህን ሳስብ ልቤ ይነካል። የውክልና ጥያቄ ደም ባፈሰሰበት ከተማ የውክልና ቤት ተቀመጠ። ጥሩ ጅምር ነው። ዙሪያችን ካሉት የቡና ከተሞች የራሱን «ላይኛ ቤት» ይዞ የተቀመጠ ከቴፒ ሌላ አላውቅም። ቤቱ ግን እንደ ፌዴራሉ ታላቅ ወንድሙ ሰው የማያውቀው ቤት ሆኖ እንዳይቀር እሰጋለሁ። በከፋ ለዘመናት የተገለሉት የማንጆ ማኅበረሰብ አባላት የራሳቸውን ውክልና ሲጠይቁ ኖረዋል። «ብሔረሰብ» ተብሎ ያልተመዘገበ ሰው የብሔረሰቦች ምክር ቤት ውስጥ በማን በኩል ይናገራል? ይህንን ቴፒ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ሊመልሱት ይገባል።

ያልተከፈተው በር

እንግዲህ ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል አይሻሻል የሚለው ክርክር ዓመታት ይፈጅ ይሆናል። የኔ ሐሳብ ግን ማሻሻያ አይፈልግም። በሩ አለ፣ ቁልፉ በክልል ምክር ቤቶች እጅ ነው። ጨፌው ነገ «የፌዴሬሽን ምክር ቤት ወኪሎቻችንን ሕዝብ ይምረጥ» ቢል ይችላል። ደቡብ ምዕራብም ይችላል።

አሜሪካኖች በዚህ መንገድ አልፈዋል። የእነሱም ሴናተሮች ከመጀመሪያው አንሥቶ በግዛት ምክር ቤቶች ነበር የሚመረጡት፣ ልክ እንደኛ። ጉቦ በዛ፤ የግዛት ምክር ቤቶች መስማማት አቅቷቸው ወንበር ባዶ የሚቀርበት ጊዜ ነበር። ዴላዌር የተባለችው ግዛት ከ1901 እስከ 1903 እ.ኤ.አ. አንድም ሴናተር አልነበራትም። ሕገ መንግሥታቸው ተሻሽሎ ቀጥታ ምርጫ የመጣው በ1913 እ.ኤ.አ. ነው። ልብ በሉ፤ እንደ ኦሪገን ያሉ ግዛቶች ግን ያንን አልጠበቁም። ሕዝቡ አስቀድሞ ድምፅ እንዲሰጥ፣ ምክር ቤቱም የሕዝቡን ምርጫ እንዲያጸድቅ በራሳቸው ሕግ አደረጉ። ጥቂቶች ጀመሩ፣ ሌሎች ተከተሉ፣ በመጨረሻ አገሩ ሁሉ ተቀበለው።

ተቃውሞው ይገባኛል። «የብሔር ተወካይ በቀጥታ ሲመረጥ መራጩ በብሔር ሊመዘገብ ነው? ጅማ ከተማ የሚኖር ዳውሮ፣ ከፋ፣ የም፣ ጉራጌ፣ አማራ የት ሊመርጥ ነው?» ከባድ ጥያቄ ነው፤ ጅማን የሚያውቅ ሰው ቀላል ነው አይልም። መርካቶዋ ውስጥ አንድ መደዳ ላይ አምስት ቋንቋ ይሰማል። ግን ይህ ችግር ዛሬም አለ፤ የተሸፈነው ማንም ስለማይመርጥ ብቻ ነው። ጅማ የሚኖረው ከፋ ዛሬ የሚወከለው እሱ በማይመርጠው የሌላ ክልል ምክር ቤት በኩል ነው።

ስለዚህ ቀለል ካለው ይጀመር። አንድ ሕዝብ በአብዛኛው በአንድ ዞን ውስጥ በሚኖርበት ቦታ፣ ለምሳሌ በከፋና በዳውሮ፣ ለአንዱ ወንበር ቀጥታ ምርጫ ይሞከር። ሳጥኑ ለብቻው አይመጣም፤ ከአጠቃላይ ምርጫው ጋር አንድ ወረቀት መጨመር ነው። ይህ እስኪሆን ድረስ ደግሞ ወጪ የሌላቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የወኪሎቹ ስም በየወረዳው ይለጠፍ። ምክር ቤቱ የድጎማ ቀመር ከማጽደቁ በፊት ወኪሎቹ ጅማ፣ አጋሮ፣ ቦንጋ፣ ቴፒ መጥተው ሕዝብ ያወያዩ።

በ1923 የተጻፈውን አስታወሳችሁ? «ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ።» ንጉሡ ለታችኛው ቤት «በቅቷል» ያሉት በ1948 ነበር። ለላይኛው ቤት ግን እስከ ዛሬ «በቅቷል» ያለ መንግሥት አልመጣም።

እኒያ የአጋሮ አዛውንት ሦስተኛውን ስኒ ሲያቀርቡልኝ እንዲህ አሉኝ፦ «ያ የምትለው ሰው ካለ ንገረው፤ ቡናም አለ፣ ጥያቄም አለ። ይምጣ።»

መልእክቱን አድርሻለሁ። የወካያችሁን ስም የምታውቁ ካላችሁ ደግሞ እስቲ ከነአካባቢያችሁ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ። ስንት ሰው እንደሚያውቅ አብረን እንየው።